የለቅሶ ውሃ

ዶሌቻ ውስጥ ሰው ሲሞት ቦቴ ይመጣል። አራት ሺህ ሊትር ውሃ ይዞ፣ መስታወቱ ላይ ጥቁር ሪባን አስሮ ድንኳኑ አጠገብ ይቆማል፤ እስከ ሰልስት ድረስም ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ኩባንያው ለከተማችን በነጻ የሚሰጠው ነገር ይህ ብቻ ነው። ልጆች "ቦቴ መጣ! ቦቴ መጣ!" እያሉ ሲሮጡ ያየ እንግዳ ሰርግ ያለ ይመስለዋል።

እኔ ያፌት እባላለሁ፤ የቀጠና ሦስት እድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ። የሰው መሞት ለሰፈሩ የሚነገረው በእኔ አፍ ነው። ድሮ አባቴ ይህንኑ ጥሩምባ ይዞ ሲወጣ ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ "ደግሞ ማን ይሆን?" ይሉ ነበር አሉ። እኔ ስወጣ ግን በየበሩ ጀሪካን ሲንኳኳ እሰማለሁ። መናገሩ ያሳፍራል፤ ሰዉ ደስ ይለዋል። እኔንም ደስ ይለኝ ነበር።

ቀን ቀን በኩባንያው ግሪንሃውስ ውስጥ ጽጌረዳ እቆርጣለሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቦኖው ጋ ተሰልፈን አውራ ጣታችንን እናስነካለን፤ ለሠራተኛ ሰባት ሊትር፣ ለሽማግሌ ሦስት፣ ለሕፃን ሁለት ይወርዳል። ከዚያ ቱታ ለብሰን እንገባለን። ሥራ ስንጨርስ ከመውጣታችን በፊት ማድረቂያ ክፍል ውስጥ አምስት ደቂቃ እንቆማለን። ሞቃት አየር ከጣሪያው ይወርድና ቱታው የጠጣውን ላብ ይመጥጠዋል፤ ላቡ ተጣርቶ ወደ አበባው ይመለሳል። መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ አጉረምርሞ ነበር። "ውሃው የኛ ነው፤ በእናንተ ውስጥ አለፈ እንጂ የናንተ አልሆነም" ብለው በትሕትና አስረዱን። ብዙ ያላበው ሰው ስም አርብ አርብ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። የእኔም ሁለት ጊዜ ወጥቷል፤ እናቴ ሳምንቱን ሙሉ ስትስቅብኝ ከረመች።

ዝናቡም ያው ነው። ጣሪያ ላይ የወረደ ሁሉ በውሉ መሠረት የእነሱ ስለሆነ አሸንዳዎቻችን የሚገቡት ወደ እነሱ ቱቦ ነው። ክረምት ላይ ባልዲ ደጅ ረስቶ የተገኘ ሰው ቢሮ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። ዝናቡ ከቀረ ወዲህ ግን ይቅርታ የሚጠይቅም ጠፍቷል።

ከግሪንሃውሶቹ ወዲያ ያለው ነጭ ሜዳ ሐይቅ ነበር። እናቴ ልጅ ሆና ዋኝታበታለች። በዳርቻው መጀመሪያ ሽንኩርት ተተከለ፣ ቀጥሎ ቲማቲም፣ ቀጥሎ አበባ፤ ተከታዩ ሁሉ ከፊተኛው የበለጠ አተረፈ፣ ከፊተኛውም የበለጠ ጠጣ። ሐይቁ ሲያልቅ ኩባንያው ከመሬት ሥር ያለውን ውሃ ገዛ፤ ከዚያ ከሰማይ የሚመጣውን። ሥራ አስኪያጆቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ልጅ ሲወልዱ ከረሜላ ያከፋፍላሉ። ብቻ በየዓመቱ በበዓላቸው ቀን መድረክ ላይ ወጥተው "ካላደግን እንሞታለን" ይሉናል፤ እኛም እናጨበጭባለን። አንድም ዓመት "ዘንድሮስ ይበቃናል" ሲሉ አልሰማሁም።

የለቅሶው አንቀጽ ውሉ ውስጥ የገባው ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት ነው። ከተማውን ወክለው የገቡት ሽማግሌዎች በመሬቱ ተሸነፉ፣ በቧንቧው ተሸነፉ፣ በዝናቡማ ሰዎቹ የሚቀልዱ መስሏቸው ስቀው ፈረሙ። ለቅሶ ላይ ግን ድርቅ አሉ። ሬሳ መታጠብ አለበት፣ ንፍሮ መቀቀል አለበት፣ ለቀስተኛ ጉሮሮው ደርቆ አይሸኝም። የኩባንያው ጠበቆች ለብቻቸው ወጥተው ተመካከሩና ተስማሙ። ሰው በየቀኑ አይሞትም ብለው አስበው ይሆናል።

በ2083 ዓ.ም. ነጭ ጽጌረዳ ውጭ አገር ተፈላጊ ሆነና ሦስት አዳዲስ ግሪንሃውሶች ተከፈቱ። የቦኖው ድርሻ በግማሽ ተቀነሰ። በዚያው ዓመት ከጥር እስከ ግንቦት በቀጠናችን አንድም ሰው አልሞተም። በሌላ ዘመን ቢሆን ስለት የሚገባበት ነገር ነበር።

አምስት ወር። የልጆች ከንፈር ተሰነጣጠቀ። ሰው ገላውን መታጠብ ትቶ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ጀመረ፤ በኋላ ጨርቁን ማርጠብም ተወ። ያኔ ነው የሽማግሌዎች ጤና የሰፈሩ ዋና ወሬ የሆነው። የዘንድሮ ሽማግሌዎች ስማቸው የልጅ ስም ነው፤ ጋሽ ኪሩቤል፣ ጋሽ ናኦል፣ እማማ ሶሊያና። ወላጆቻቸው አንድ ቀን ያረጃሉ ብለው አላሰቡም መሰለኝ። እማማ ሶሊያና እናቴ ናት።

ሰባ አራት ዓመቷ ነበር፤ ሳል ነበረባት። ጠዋት በሩን ስትከፍት አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ "እንዴት አደሩ እማማ? ሳሉስ?" ይላታል። "ዛሬም አለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ" ትላለች። እነሱ ይስቃሉ፤ እሷም ትስቃለች።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን ፌቨን የስምንት ወር ልጇን ታቅፋ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ እንባ ግን አልነበረውም።

"ሳሉ ባሰብዎት አይደል፣ እማማ?" አለች ፌቨን።

"ተሽሎኛል የኔ ልጅ።"

ፌቨን ፊቷን ልጇ አንገት ሥር ቀብራ ማልቀስ ጀመረች። "ይቅር ይበሉኝ" አለች፣ "ተሽሎኛል ሲሉኝ ከፋኝ።"

እናቴ ጀርባዋን ደባበሰቻት። ያን ቀን እራት አልበላችም።

በማግስቱ የእድሩ ስብሰባ ነበር። የምንሰበሰበው በእድሩ ዕቃ ቤት ነው፤ በድስቱ፣ በአግዳሚ ወንበሩና በተጠቀለለው ድንኳን መካከል። ሰብሳቢያችን ጋሽ ኪሩቤል ናቸው፤ ጥርስ የላቸውም፣ የእድሩን ማህተም ግን ተኝተውም ከኪሳቸው አያወጡትም። ከእናቴ ጋር አብሮ አደግ ናቸው።

"ኪሩብ፣" አለቻቸው ተነስታ፣ "መዝገቡን አምጣና ሞተች ብለህ ጻፈኝ።"

"ሶሊ፣ ፀሐይ መታሽ እንዴ?"

"ከመታኝ ቆየ። ለሞት ማስረጃ ምን ያስፈልጋል? የእድሩ ማህተምና የቅርብ ዘመድ አውራ ጣት። ማህተሙ ኪስህ ውስጥ ነው፤ ጣቱ ያውና በሩ ላይ ቆሟል።"

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"እማዬ፣ ቦኖው ይዘጋብሻል" አልኳት። "ክሊኒኩም ይዘጋብሻል። ቀን ደጅ መውጣት አትችዪም።"

"የት ልሄድ ነው ደጅ የምወጣው? እኔ የማገኘው አንድ ሊትር ተኩል ነው፣ ያፌ። ቦቴው የሚያመጣው አራት ሺህ ነው።"

"በለቅሶ ይዋሻል?" አሉ ጋሽ ኪሩቤል። "ኧረ ተይ ሶሊ፣ እግዜርስ ምን ይለናል?"

"እሱን ሄጄ እጠይቅልሃለሁ" አለች እናቴና ተቀመጠች።

ማንም አልሳቀም። ፌቨን አንገቷን ደፍታ ነበር። ጋሽ ኪሩቤል ማህተሙን አወጡ፤ እኔም ሄጄ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። ሁለት መቶ ሰው አንድ ምስጢር ይጠብቃል ብዬ አላምንም ነበር። የጠማው ሰው እንደሚጠብቅ ያኔ ተማርኩ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባዬን ይዤ ወጣሁ። ለሞተ ሰው ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ ሦስቱም ረጃጅም ናቸው፤ ከዚያ ስሙ ይጠራል። እኔ ሦስቱንም አሳጠርኳቸው። "ስማ፣ ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! እማማ ሶሊያና አርፈዋል! ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ነው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" አልኩ። እሷ በሩ ጀርባ ቆማ ትሰማኝ ነበር።

"ምነው ተጣደፍክ?" አለችኝ ስመለስ። "አባትህ ለተጣላው ሰው እንኳ እንዲህ አያሳጥርም ነበር። የእውነቱ ሲመጣ እንዲህ ብትነፋልኝ ንቅንቅ አልልም።"

ሁለት ሰዓት ላይ ቦቴው ደረሰ። አብራው የኩባንያው የለቅሶ ተቆጣጣሪ ኤልዳና መጣች። ኤልዳና የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፊደል ያስቆጠረቻት እናቴ ናት። ሥራዋ ድንኳኑ መተከሉን፣ ለቀስተኛ መኖሩን፣ የሬሳ ሳጥኑ ወደ መቃብር መሄዱን አይታ መፈረም ነው። ለእሷ ምስጢሩ አልተነገራትም። ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ከሁሉም አብልጣ አለቀሰች። "ሀ ግዕዝ ያሉኝ እናቴ!" እያለች ደረቷን ስትደቃ ማየት አቃተኝና ፊቴን አዞርኩ።

በዚህ መካከል ከጓዳ ሳል ተሰማ።

ለቅሶው ተቋረጠ። ኤልዳና እንደተጎነበሰች ቀረች። ቀና ብላ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ የጓዳውን ግድግዳ አየች። ያን ሳል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አለቀልን አልኩ በልቤ። እሷ ግን እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ከበፊቱ በእጥፍ ጮኸች፤ ሳሉ እስኪቆም ድረስ ድምጿን አላወረደችም። ያን ጊዜ ሌሎቹም ተከተሏት። በዘጠኝ ሰዓት ሃምሳ ኪሎ አሸዋ በጆንያ ሳጥኑ ውስጥ ከትተን፣ ተሸክመን፣ አልቅሰን ቀበርን። ከላዩ ላይ ስሟ የተጻፈበት ቆርቆሮ ተተከለ።

የፌቨን ልጅ ያን ሳምንት ሲያለቅስ እንባው ወረደ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ መልክ ያዘ። በየወሩ አንድ ሰው ይሞታል። ጋሽ ናኦል ሁለተኛ ሆኑ፤ ቀጥሎ ወገቧን ታማ ከሥራ የተባረረች አንዲት አበባ ቆራጭ፤ ቀጥሎ ባልና ሚስት በአንድ ሳምንት። በአንድ ዓመት ከስምንት ወር ውስጥ ሐሰተኛ ሟቾቻችን አሥራ ዘጠኝ ደረሱ። ቀን ቀን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ይውላሉ። ከድንኳኑና ከድስቱ ጀርባ ወለሉን ፈንቅለው ጉድጓድ ቆፈሩ፤ በሲሚንቶ ለስነው ከቦቴ የተረፈውን ውሃ እዚያ ያጠራቅማሉ። ሁላችንም በኩባንያው ፈረቃ መካከል ለማስነጠስ ጊዜ አናገኝም ነበር፤ ጊዜ ያላቸው ሟቾቹ ብቻ ነበሩ። የሠራተኞችን ልጆች የሚጠብቁት እነሱ ናቸው፤ ጫማ ይሰፋሉ፤ ዕቃ በታጠበበት ውሃ በግቢው ጥግ ጎመን አብቅለዋል። ደቦ የሚባለውን ነገር እኔ በወሬ ነበር የማውቀው። እናቴ አያቷ ጤፍ ሲያሳጭዱ አይታ ስለነበር አደራረጉን አሳየቻቸው፤ ሁሉም ለአንዱ ይሠራል፣ ነገ ለሌላው። ውሃው የሚታደለው በአፍ ቁጥር ነው እንጂ በሠራው ልክ አይደለም።

ይህ ለሁሉ አልተዋጠለትም። አንድ ቀን በረከት የሚባል ጎረምሳ የአበባ ጫኝ መጥቶ "ጋሽ ናኦል ቀኑን ሙሉ ያንኮራፋሉ፤ እኔ ስሸከም ውዬ እኩል ነው የምንጠጣው?" ብሎ ተቆጣ።

"ሞቶም የሰነፈን ሰው ምን ታደርገዋለህ፣ የኔ ልጅ? ትገድለዋለህ?" አለችው እናቴ።

በረከት ሳይወድ በግድ ሳቀ። በሳምንቱ ከሥራ ሲወጣ ለጉድጓዱ ድንጋይ ሊያቀብላቸው መጣ።

እናቴ ከሞተች ወዲህ የሠራችውን ያህል ከዚያ በፊት ስትሠራ አይቻት አላውቅም። የጉድጓዱ ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው። "እነሱ ካላደግን እንሞታለን ይላሉ" አለችኝ አንድ ቀን ጎመኑን እየኮተኮተች። "እኔ ሳላድግ ሞቼ ይኸው አለሁ። ይህ ጉድጓድ አሥራ ሁለት ሺህ ይይዛል፤ ሞልቶ አያውቅም፤ ግን የጠማው የለም። ሌላ ምን እንፈልጋለን?" ምን እንደምንፈልግ እኔም አላወቅሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከማድረቂያ ክፍሉ ስወጣ የምሄድበት ቤት እንዳለኝ ተሰማኝ።

በጥር ወር መጨረሻ እግሯ አበጠ። ቀጥሎ ፊቷ። ሽንቷ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ከሟቾቹ አንዷ በወጣትነቷ ነርስ ነበረች፤ "ኩላሊቷ ነው" አለችኝ ወደ ጎን ወስዳ። "ክሊኒኩ ውስጥ ማሽኑ አለ። ደሟ ሦስት ጊዜ ቢታጠብበት ትነሳለች።" በከተማው ያለው ክሊኒክ የኩባንያው ብቻ ነው። በሩ የሚከፈተው በአውራ ጣት ነው፤ የእናቴ አውራ ጣት ደግሞ ሞቷል።

"ሄጄ እነግራቸዋለሁ" አልኳት። "ዋሽቼ ነው፣ እናቴ በሕይወት አለች እላለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ያድኑሻል።"

"ከዚያስ ያፌ? የእኔ ሳጥን ውስጥ አሸዋ ካገኙ የሁሉንም አይቆፍሩም? ጉድጓዱንስ ትተውት ይሄዳሉ?" እጄን ያዘችኝ፤ ጣቶቿ አብጠው ቀለበቷ ተቀርቅሯል። "አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። ሁለት ዓመት ሙሉ በጨርቅ ነው የተወለወልኩት። ስሞት አንድ ባልዲ ሙሉ ውሃ አፍስሱብኝ። ባልዲ ሙሉ፣ በጣሳ እየቆጠራችሁ አይደለም። ከጉድጓዱ ግን እንዳትነኩ፤ እሱ የልጆቹ ነው።"

"እማዬ፣ አትሞቺም።"

"ስማኝ እንጂ። ባልዲ ሙሉ።"

በማግስቱ እሷን ሳልሰማ ወደ ኩባንያው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሰልፉ አጭር ነበር። በሰው ፈንታ ማሽን የሚያናግርበት መስኮት ጋ ስደርስ አወቀኝ።

"ጤና ይስጥልን አቶ ያፌት" አለ መስኮቱ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። "እናትዎ ወይዘሮ ሶሊያና ካረፉ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆናቸው። ዛሬም ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው። የመጡበትን ጉዳይ ይናገሩ።"

አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ቆማ ነበር፤ ሕፃኑ የፀጉሬን ጫፍ ይነካካል። ጋሽ ናኦል ሲያንኮራፉ ታየኝ፤ የተለሰነው ጉድጓድ ታየኝ፤ ፌቨን ታየችኝ። ለእነሱ ብዬ ነው ዝም ያልኩት ብል ሰው ያምነኛል። እውነቱን ለመናገር ግን አውራ ጣቴን ኪሴ ውስጥ ጨብጬው ነበር። በሐሰት ጣቱን ያሳረፈ ሰው የት እንደሚወሰድ አውቃለሁ። ፈራሁ። እናቴ ቤት ውስጥ እያበጠች እኔ ለራሴ ፈራሁ።

"ሌላ ጉዳይ አለዎት?" አለ መስኮቱ።

"የለኝም" አልኩና ወጣሁ።

ከጽሕፈት ቤቱ እስከ ቤታችን ሃያ ደቂቃ ነው፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ቤት ስደርስ "የት ሄደህ ነበር?" ብላ አልጠየቀችኝም። ፊቴን አየችና "ጎበዝ" አለችኝ። እስካሁን ያቺን ቃል ከሆዴ ማውጣት አልቻልኩም። ለምን አልሰደበችኝም?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሞተች። ሳሉ እንኳ አልነበረም።

የእድሩ ሰዎች አንድ በአንድ መጡ። ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አላለቀሰም፤ ድንኳን የሌለው ለቅሶ ወዲያው ያስጠይቃል። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ድንኳን አይተከልም፣ ሁለት ጊዜ ቦቴ አይመጣም። በስሟ የተቀበረ አሸዋ አለ፤ እሷ ደግሞ ወለሉ ላይ ተኝታለች። ፌቨን የራሷን ጀሪካን ይዛ መጣች፤ ሁለት ሊትር የማይሞላ ነው። ሌሎችም በብርጭቆ፣ በጣሳ ይዘው መጡ። ሁሉም ተደምሮ የባልዲውን ሩብ አይሞላም።

"ከጉድጓዱ እንቅዳ" አሉ ጋሽ ኪሩቤል፤ እንባቸው በጥርስ አልባ አፋቸው ዙሪያ ይወርዳል። "እሷ ያስቆፈረችው ጉድጓድ ነው። ማን ይከለክላታል?"

"እሷ ራሷ" አልኩ።

ጥሩምባው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። አየሁት።

"ጋሼ፣ መዝገቡን ያምጡና እኔን ይጻፉኝ።"

"ምን?"

"ያፌት ሞተ ብለው ይጻፉ። ሠላሳ ስምንተኛው ግሪንሃውስ ውስጥ ሙቀት መታው ይበሉ። በሙቀት ከሆነ ኩባንያው ጥያቄ አያበዛም፤ ከጠየቀ ራሱ ይጠየቃል።"

"አንተ ልጅ፣ ገና አርባ ሦስት ዓመትህ ነው! ዘመድህስ ማን ሆኖ ነው ጣቱን የሚያሳርፈው? ያለችህ እሷ ብቻ ነበረች።"

"ደንባችን ምን ይላል? ዘመድ ለሌለው እድርተኛ ዘመዱ ሰብሳቢው ነው ይላል። እርስዎ ነዎት የሚያሳርፉት።"

ጋሽ ኪሩቤል ወደ እናቴ አዩ፤ እንደምትመልስላቸው ሁሉ ብዙ ጠበቁ። ከዚያ ኪሳቸውን ዳበሱ።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ የእድሩ ሰብሳቢ ጥሩምባ ይዘው ደጃችን ላይ ቆሙ። የራሴን ሞት እኔ ወጥቼ መለፈፍ አልችልም፤ እሳቸው ደግሞ ትንፋሽ የላቸውም። ስለዚህ እሳቸው ሌላ አሮጌ ጥሩምባ ለማስመሰል አፋቸው ላይ አድርገው ደጅ ቆሙ፤ እኔ ደግሞ የአባቴን ጥሩምባ ይዤ ከበሩ ጀርባ፣ እሷ ያን ጊዜ ቆማ በሰማችበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ሦስት ጊዜ ነፋሁ። ሳንባዬ ባዶ እስኪሆን፣ ዓይኔ እስኪጨልም አስረዘምኩት፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ጀመርኩ። በየበሩ ጀሪካን ሲንኳኳ ለመስማት ጆሮዬን አቀናሁ። አልተንኳኳም።

"ስማ፣ ስማ፣ ያልሰማህ ስማ!" አሉ ጋሽ ኪሩቤል። "ያፌት... ያፌታችን አርፏል!"

ቦቴው በሁለት ሰዓት መጣ። ሴቶቹ ከነርሷ ጋር ሆነው አጠቧት፤ ባልዲውን ሞልቼ እስከ ጓዳው ደጃፍ ያደረስኩላቸው እኔ ነኝ። ባልዲ ሙሉ ነበር፤ ስሸከመው እግሬ ላይ ፈሰሰ። ያፈሰሱባት ውሃ በበሩ ሥር አልፎ ወለሉን አቋርጦ ወደ ግቢው ወረደ። አፈሩ ጠጣው። ማንም ጨርቅ ይዞ አልሮጠም፣ ማንም ጣሳ አልደቀነበትም። በዕድሜዬ ውሃ ዝም ብሎ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ እሷን ሳጥኑ ውስጥ አስገብተው ከደኑት፤ እኔ ጓዳ ገባሁ፤ በሩም ተዘጋብኝ። ድንኳኑ ውስጥ ስሜ ይጠራል። ፌቨን "ወንድሜ ያፌት!" ትላለች፤ በረከት "ጋሼ!" እያለ እንደ ሕፃን ይነፋረቃል። የኤልዳናን ድምፅ ለየሁት። ሳጥኑ አጠገብ ቆማ "ስሙ?" ስትል ሰማሁ፤ "ያፌት" አሏት። ለረጅም ጊዜ የብዕር ድምፅ አልተሰማም። ከዚያ ፈረመች።

በዘጠኝ ሰዓት ሊያነሱት ሲሉ ከተሸካሚዎቹ አንዱ "ይቀላል" አለ ቀስ ብሎ። ሌላው "አሸዋው ይከብድ ነበር" አለው። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉንም ሰማሁ። እናቴን ከአሸዋው አጠገብ፣ ስሜ በተጻፈበት ቆርቆሮ ሥር ሊቀብሯት ይዘዋት ወጡ፤ እኔ ልሸኛት አልቻልኩም። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት። ጋቢዋን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩት። አልሆነም፤ ከውስጤ የወጣው ድምፅ የእኔ አይመስልም ነበር፤ ግድግዳውን አልፎ ድንኳኑን ሞላው። የቦቴው ሹፌር በዚያ ጊዜ "ምንድን ነው ውስጥ ያለው?" ሲል ሰማሁት።

ያኔ ኤልዳና ጮኸች። "ያፌት! ያፌት! ያፌት!" አለች በሙሉ ጉሮሮዋ፤ ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት፤ ከድንኳኑ ውጪ ያሉትም፣ ሳጥኑን የተሸከሙትም። እኔ ዝም እስክል ድረስ አንዳቸውም አላቆሙም።